የእሑዱ ፕሮግራም ወደ ቅዳሜ የዞረ ዕለት

ኦክላንድ፣ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ከሳን ሆዜው ቴሌቪዥን ጣቢያ ተደወለልኝ። ጣቢያው ከአንድ አዲስ ኔትወርክ ጋር ተዋውሏል፤ ኔትወርኩም የእሑድ ጠዋቱን ሰዓት ለልጆች ካርቱን ወስዶታል። ስለዚህ በኪራይ የምናስተላልፈው የግማሽ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ተዛውሯል።

"ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ነው?" አልኩ።

"ከዛሬ ጀምሮ፤ ለተመልካቹም ከትናንት ጀምሮ እያስታወቅን ነው" አለችኝ ደዋይዋ።

በሌላ ቀን ቢሆን አይደንቀኝም ነበር። ይህ ጣቢያ ሲያገባና ሲፈታ የኖረ ነው፤ እኔ ካወቅሁት ወዲህ እንኳ ሦስተኛ ኔትወርኩ ነው። የዛሬው ግን አስደነገጠኝ። ሐሙስ ያስረከብነው ካሴት መጨረሻ ላይ የለቅሶ ማስታወቂያ አለ። የሞቱት አዲስ አበባ የነበሩት የእትዬ ዘነበች ታላቅ ወንድም ናቸው። እትዬ ዘነበች ደግሞ ሳን ሆዜ ይኖራሉ፤ መርዶው ገና አልተነገራቸውም። ልጃቸው ዛሬ ማታ ከሲያትል ይገባል፤ ነገ ማለዳ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ሊያረዳቸው፣ ማስታወቂያውም ከዚያ በኋላ ሊተላለፍ ነበር ሐሳባችን። አሁን ግን ብቻቸውን ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ የወንድማቸውን ሞት ከቴሌቪዥን ሊሰሙ ነው።

አያዩትም ብሎ መጽናናት አይቻልም። የሳን ሆዜው ጣቢያ ኦክላንድ ድረስ ጥርት ብሎ አይመጣም፤ እኛ አዘጋጆቹ የራሳችንን ሥራ የምናየው በጭረት ውስጥ ነው። በየሳምንቱ አይተው የሚደውሉልን እትዬ ዘነበች ናቸው። "ድምፁ ዝቅ ብሏል"፣ "የታደሰ ክራቫት ዞሯል" ይሉናል። ቤተሰቡ ሳይረዳ የሰው ሞት እንዳይነገር፣ ከቸገረንም የቆየ ዝግጅት እንድንደግም የመከሩን እሳቸው ናቸው።

ማስታወቂያውን ያነበቡት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥረው ይሠራሉ። ደወልኩላቸው።

"ካሴቱን እንዲያወጡት ንገራቸዋ" አሉ።

"ነገርኳቸው፤ የሚተካ ካሴት በእጃችሁ ካላመጣችሁ አይሆንም አሉኝ።"

"ታዲያ ምን ቆመን እናወራለን?"

መኪናዬ ጋራዥ ነበረች። ያለፈውን ሳምንት ካሴት ቅጂ በፌስታል ይዤ ባቡር ጣቢያ ተገናኘን።

ወደ ደቡብ

ባቡሩ የመጋዘኖችንና የመኖሪያ ቤቶችን ጓሮ እያሳየ ይሄዳል። የኦክላንድ ሰው ፊት ለፊቱን አሳምሮ የጣለውን ሁሉ በባቡሩ በኩል ነው የሚከምረው። ከሄይዋርድ በኋላ በግራ በኩል በበጋ የደረቁት ቢጫ ኮረብቶች መጡ። ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ ባቡሩ ቆሞ ቀረ፤ ጋሽ ታደሰ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ።

"ይሄ ኔትወርክ የሚሉት ነገር ጣቢያውን እንዴት ነው እንዲህ የሚያዘው?" አሉኝ።

"ዋና ዋናውን ፕሮግራም የሚሰጠው እሱ ነዋ፤ በምትኩ ሰዓቱን ይወስዳል።"

"ጣቢያው ጭሰኛ ነው በለኛ። እኛስ ታዲያ?"

"የጭሰኛው ጭሰኞች።"

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ስሙን ሳነብ ድምፄን አሳምሬ ነው ያነበብኩት። እሷ ብቻዋን ቁጭ ብላ ያንን ስትሰማ አስበው" አሉ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ደስ አለኝ።

ሐዲዱ ፍሪሞንት ላይ ያልቃል። ከዚያ አውቶቡስ ያዝን። በባሕረ ሰላጤው በኩል የጨው ኩሬዎች፣ ከዚያ መስኮት የሌላቸው የሚመስሉ የኮምፒዩተር ፋብሪካዎች፣ ከዚያ ሳን ሆዜ። ኦክላንድ ጃኬት ለብሰን ነበር የወጣነው፤ እዚህ ሙቀቱ አስወለቀን።

ሳን ሆዜ

ጣቢያው ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። አንድ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ የድሮውን ኔትወርክ ምልክት ይነቅላል፤ ግድግዳው ላይ የፊደሎቹ ቅርጽ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ውስጥ ፊኛና ኬክ ነበር። ጠዋት የደወለችልኝ ሊንዳ አዲሱ ምልክት ያለበት ቲሸርት ለብሳለች። "ሦስተኛዬ ነው፤ የድሮዎቹን መኪና እጠርግባቸዋለሁ" አለች።

ጉዳያችንን ስነግራት ግራ ገባት። "ለምን ደውላችሁ አትነግሯትም?"

"ሞት በስልክ አይነገርም" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ሊንዳ አልተከራከረችም። የእኛን ካሴት ወስዳ የሐሙሱን መለሰችልን። ኬክ ስትሰጠን ጋሽ ታደሰ ነገ ለቅሶ አለብኝ ብለው ተዉት፤ እኔ የራሴንም የሳቸውንም በላሁ።

የእትዬ ዘነበች ቤት ከአውቶቡስ ማቆሚያው ብዙም አይርቅም። ድንገት እንዳያዩን በሌላ መንገድ ዞረን፣ ቡሪቶ ገዝተን፣ በመጣንበት ተመለስን። በመንገድ ላይ እንደ ጎበዝ ተማሪዎች ኮርተን ነበር።

ኦክላንድ፣ ምሽት ሲል

ጋሽ ታደሰን ውሃ ይጠጡ ብዬ ቤት አስገባኋቸው። ገና በሩን ስከፍት ስልኩ ይጮሃል። እትዬ ዘነበች ነበሩ።

"ፕሮግራሙን አየሁት" አሉ።

"እንዴት ነበር?"

"ድምፁ ጥሩ ነው። ያለፈው ሳምንት ነው እንጂ።"

"ስኬጁሉ ቼንጅ ስለሆነ ካሴቱን ሚክስ አድርገውት ይሆናል፣ እትዬ።"

ቀጥለው በቀስታ፣ "ልጄም ሥራ በዛብኝ ሲለኝ ከርሞ ዛሬ መጣሁ ይላል። መድገሙን ያስተማርኳችሁ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አሉ።

ጋሽ ታደሰን ዞሬ አየኋቸው።

"ማን እንደሆነ እንዳትነግረኝ። በስልክ አይሆንም። ማለዳ ኑ፤ ሰዎቹንም እንዳሰባችሁት ይዛችሁ ኑ" ብለው ዘጉት።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ድምፁ ጥሩ ነው አሉ።" ቀጥዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ባቡርና አውቶቡስ ስንቀያይር ከኔትወርኩ ቀደምን ብለን ነበር፤ ከእትዬ ዘነበች መቅደም እንደማይቻል ግን ለሁለታችንም ያን ጊዜ ገባን። የማይለወጥ አንድ ተመልካች ያለው ፕሮግራም ምን ዓይነት ዕዳ እንደሚሸከምም ያን ቀን ተማርኩ።

ማለዳ ከወዳጅ ዘመዱ ጋር በመኪናቸው ተጭነን ስንደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ አስደግፈው ደርድረዋል። ጋሽ ታደሰ ስሙን እስኪናገሩ ድረስ አላለቀሱም።