የአባቴ ድምፅ እና የእራቱ ሰዓት

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ከጣና ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲመሩ ኖረዋል፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ባሕር ዳር እኔ ቤት ነው የሚኖሩት። ድሮ ከቅዳሴ ሲመለሱ ገና ከውጭ በር ላይ ሆነው «ልጄ» ብለው ይጣሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጃቸው የሆነ ይመስል መስኮት ይከፈታል። ኋላ ድምፃቸው ሻከረ፤ መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ። መጣራት ጭራሽ ሲያቅታቸው በመቋሚያቸው ወለሉን ሁለቴ እየመቱ ይጠሩኝ ጀመር። ያ ኳኳታ ያናድደኝ ነበር። በሳቸው ተናድጄ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ብርድ ነው ተባለ። ሌሊት ለማኅሌት የሚወጣ ሰው ድምፁ ሲጎረንን ሌላ ምን ይባላል? አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እኅት፣ ከመሸንቲ ፌጦዋን ወቅጣ፣ ሎሚዋን በፌስታል ተሸክማ ደረሰች። ጠዋት ፌጦ በሎሚ፣ ቀን ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ አንድ ትልቅ ኩባያ ዝንጅብል። የማኅሌት ባልደረቦቻቸው ደግሞ አረቄ ጉሮሮ ይጠርጋል እያሉ በትንሽ ጠርሙስ ያቀብሏቸዋል። ሁሉም ከፍቅር ነው። አባቴም የተሰጣቸውን ሁሉ ይጠጣሉ፣ ድምፃቸውም በየሳምንቱ ይብስበታል።

የቤተ ክርስቲያናቸው ዓመታዊ ክብረ በዓል ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ «ድምፄ ለበዓሉ ካልተመለሰ መሪነቱን ለሌላ እለቃለሁ። የማልመራበትን ቦታ ይዤ አልቀመጥም» አሉኝ። ይህን ያሉት በሹክሹክታ ነበር። ያ ክፉ በሽታ ቢሆንስ የሚለውን ሁለታችንም አንሥተነው አናውቅም፤ ሁለታችንም ግን የምናስበው እሱን ነበር። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። በአፍንጫቸው በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ጉሮሯቸውን አየና የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነገረን። ችግሩ የመጣው ከሆዳቸው ነው አለ፤ ሲተኙ የጨጓራ አሲድ ሽቅብ እየወጣ የድምፅ አውታራቸውን ያቃጥለዋል። አባቴ ቅር አላቸው። ቃር የሚባል ነገር ይዟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ሐኪሙ ብዙ ሰው ደረቱን ሳያቃጥለው ጉሮሮው ብቻ እንደሚጎዳ አስረዳቸውና ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚበሉ ጠየቀ። የመለስኩት እኔ ነኝ። በጾም ጊዜ ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላሉ፤ እሱም በርበሬ የበዛበት ሽሮ ነው፤ ከዚያ ቡና፣ ከዚያ ሌሊት ስለሚነሡ ወዲያው ጋደም። የአክስቴን ፌጦና ሎሚ ስጨምርለት ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

አባቴ ጾሜን አልነካም አሉ። ሐኪሙም ይንኩ አላላቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቂት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቂት እንዲበሉ፣ ከእራት እስከ መኝታም ሦስት ሰዓት ያህል እንዲቆዩ ነው የነገራቸው። ከምግብ በፊት የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው፤ ክኒኑ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ለውጡም በቀናት ሳይሆን በወራት እንደሚታይ አስጠነቀቀን።

ቤቴ ተገለበጠ። ሽሮው ነጭ ሆነ፣ ክኩ በእርድ ተሠራ፣ ሎሚና ቲማቲም ከቤት ወጡ፣ ቡናው ወደ አንድ ስኒ ወረደ። በፍስክ ቀንም ዓሣው መጠበሱ ቀርቶ አልጫ ሆነ። አባቴ የመጀመሪያውን አልጫ አገላብጠው አዩና ይህማ የበሽተኛ ወጥ ነው አሉኝ። እርስዎስ ምንድን ነዎት አልኳቸው። እንጀራቸውን ቆርሰው በሉ።

የአልጋውን የራስጌ እግሮች በብሎኬት አነሣኋቸው። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ያባብሳል ተብለናል። አልጋው ወደ ዳር የተጎተተ ታንኳ መሰለ። ጠዋት ስገባ አባቴን ግርጌው ላይ ተጠቅልለው አገኘኋቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንሸራተቱ ነው ያደሩት። ከዚያ ወዲያ ከጉልበታቸው ሥር ብርድ ልብስ እየጠቀለልኩ አደርግላቸው ነበር።

ከሁሉ የከበደው ዝክር ነው። ዝክር ላይ የካህን ሆድ የራሱ አይደለም። የቤቱ እመቤት ቆማ «በሞቴ» ትላለች፣ ይጎረሳል፣ ጠላው ይደገማል። አባቴ እምቢ ማለት አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ከሱ ሌላ አላውቅም። ስለዚህ ዝክር ሲጠሩ ቀድሜ እደውላለሁ፤ አልጫ ይቀመጥላቸው፣ በጠላው ፈንታ ውሃ ይቅረብላቸው እያልኩ እጨቀጭቃለሁ። አንዷ ባለዝክር፣ መሪጌታው ልጅ ያላቸው መስሎኝ ነበር፣ ለካ አለቃ ነው ያላቸው አለችኝ። እውነቷን ነው። አክስቴማ ፌጦዋን ስመልስላት፣ ወንድም ጋሼን በአልጫ ልትገይልኝ ነው ብላኝ ወደ መሸንቲ ተመለሰች። ለብዙ ጊዜ ስልኬን አላነሣችም።

ከእራት በኋላ እንዳይተኙ ሐይቁ ዳር ይዣቸው እወጣለሁ። ወጣቶቹ ፎቶ እየተነሡ፣ ቆሎ ሻጮቹ እየተጣሩ፣ እኛ በመካከላቸው ቀስ እያልን እንሄዳለን። የሚያውቋቸው ሰዎች «የኔታ፣ እንደምን አመሹ» ሲሏቸው መቋሚያቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ አይመልሱም፤ ሹክሹክታም ጉሮሮ ይጎዳል ተብለዋል። ከአባቴ ጋር ያን ያህል ጎን ለጎን ሄጄ አላውቅም ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ደስታዬ ከሳቸው ዝምታ የመጣ መሆኑ ደግሞ ያሳፍረኝ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። በሴቶቹ በኩል ቆሜ አዳመጥኩ። አባቴ ጀመሩ፤ ዝቅ ያለው ዜማ ደህና ሄደ። ከፍ ወደሚለው ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አጠገባቸው የቆሙት ባልደረባቸው ወዲያው ተቀበሉና ማኅሌቱ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ብዙ ሰው አላወቀ ይሆናል፤ እኔ ግን ሰማሁት። አባቴ እንዳሉት አደረጉ፤ መሪነቱን በሳምንቱ ለኚያው ባልደረባቸው ለቀቁ።

በለቀቁበት ዕለት ማታ ቀይ ወጥ ሠራሁላቸው። ከእንግዲህ ምን ይቀርባቸዋል ብዬ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ያስራብኳቸው መስሎኝ አልቅሻለሁም። አባቴ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርገው ከትናንት የተረፈውን የአልጫ ድስት በጣታቸው አሳዩኝ። ከበሉም በኋላ መቋሚያቸውን አንሥተው በር ላይ ጠበቁኝ፤ ወደ ሐይቁ ሄድን።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። የድምፃቸው ወሬም ከቤታችን ጠፋ፤ አልጫው፣ ብሎኬቱ፣ የማታው መንገድ እንዲያው የኑሯችን ደንብ ሆኑ።

አንድ ቀን ከቢሮ ዘግይቼ ገባሁ። ጠዋት የሠራሁትን ክክ አሙቄ፣ ሳህን እያጠብኩ፣ አሁን ወለሉን ይመታሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር። አልመቱም።

«ልጄ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ እኮ። እራቴን ልታሳልፊብኝ ነው?»

ድምፁ እንደ ድሮው ጥርት ያለ አልነበረም፤ ጫፉ ላይ አሁንም ይሻክራል። ግን ሁለት ግድግዳ አልፎ ነው ጓዳ የደረሰው። ከጎረቤት መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። ሳህኑን እንደያዝኩ እንባዬ መጣ።

ወጡ ሞቋል፤ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። አቤት አላልኩም። ደግመው ይጥሩኝ ብዬ ድስቱን ከድኜ ቆምኩ።