የወንድሜ የክርስትና ስም

በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በጦርነቱ ለሞቱት ልጆቻችን ሐውልት ሊቆም ሲል፣ ቄሱ ቤታችን መጥተው የወንድሜን የክርስትና ስም ጠየቁ። በፍትሐት የሚጠራውም፣ ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ስም ነው። ወንድሜ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፋ እንጂ መርዶ አልመጣልንም።

እናቴ «ልጄ በሕይወት አለ፤ ስሙን አልሰጥዎትም» አለቻቸው። ደግ አደረገች! መርዶ ሳይነገር ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው? ቄሱ ሳይከራከሩ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ሐውልቱ ከቆመ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የወንድሜን የክርስትና አባት ሐውልቱ ሥር ቆመው አየናቸው። ድሮ ቤታችን ሳይገቡ የማያልፉት ሰው ሰሞኑን እግራቸውን አጥፍተው ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። እኛን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ አዞሩ።

እናቴ ክንዴን ያዘችና «ምነው፣ ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ።