«ልጅቷን ጠይቀሻታል?»

እንዲህ ያሉኝ የእናቴ አጎት ናቸው፤ እኛ አባባ እንላቸው ነበር። እዚህ ሲያትል፣ በአንድ ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ውስጥ ለጋዜጠኞች ዜና እየጻፉ ነው ያረጁት። ቡድኑ ሲሸነፍ፣ ኳሱን ያበላሸውን ልጅ ስም ከመጻፋቸው በፊት መልበሻ ክፍል ገብተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። «ነገ ስምህ ይወጣል፤ ምን ልበልልህ?» ይሉታል። ጋዜጠኞቹ በር ላይ ይጠብቃሉ።

አምና ለትምህርት ቤታችን ጋዜጣ የመጀመሪያ ጽሑፌን ጻፍኩ። የቡድናችን ልጅ ሩት ፔናሊቲ ስታ ስለተሸነፍንበት ጨዋታ ነው። «እግሯ ከልቧ ቀድሞ ፈራ» ብያለሁ። ዓረፍተ ነገሩን አሁንም እወደዋለሁ፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እንኳን ጡረታ ወጣሁ፤ ሥራዬን ትቀሚኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅቷን ጠይቀሻታል?»

«አዎ አባባ፣ ኮል አድርጌላት ነበር።»

«ምን አለች?»

«ኦኬ ነው አለች።»

አልደወልኩላትም። እሳቸው ግን ግንባሬን ሳሙኝ፤ ጋዜጣው ሲወጣም ቤተ ክርስቲያን ወስደው «ጠይቃ ነው የጻፈችው» እያሉ ላገኙት ሁሉ አሳዩ። ሩት ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከልምምድ ቀረች።

አባባ ካረፉ አርባ ቀን ሆናቸው። ወንበራቸው ባዶ ነው፤ ጽሑፌን አንብቤ ስጨርስ መነጽር የሚያወልቅ የለም። ስለዚህ ትናንት ሩት ቤት ሄድኩ። የዋሸሁትን ነገርኳትና ስሟን እዚህ ጽሑፍ ላይ መጻፍ እችል እንደሆነ ጠየቅኳት።



«ጻፊው» አለች በሩን እንደያዘች። «ግን መዋሸትሽንም ጻፊ። አባባሽ ጋዜጣውን ያሳዩዋቸው ሰዎች ይወቁት።»

ይኸው፣ ጻፍኩት።