ክሽክሽ የወረረው የአባቴ ቺኮሪያ

ዛሬ ጠዋት ለቡ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ በተቆረጠ ጀሪካን የተከልኩትን ቺኮሪያ ልቀጥፍ እጄን ስሰድ ጣቴ ተጣበቀ። ማር የነካሁ ነው የመሰለኝ። ቅጠሉን ሳላገላብጥ አወቅኩት፤ ክሽክሽ ነው! ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ ተባይ ናት፤ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፋ ስትመጥ እንዲህ የሚያጣብቅ ነገር ትተዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ግን ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ እያለሁ ጎፋ ነበር የምንኖረው። አባቴ አንድ ጣሊያናዊ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኖ ይሠራ ስለነበር የቺኮሪያ ዘር ከዚያ ይዞ መጥቶ ጓሯችን ዘራው። ሲያዩት ሰላጣ ይመስላል፤ ግን መራራ ነው፣ መራራ ስላችሁ መራራ! ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብን ነበር። እናቴ ራሷ፣ "ሰው ጎመን እያለለት ሬት ይተክላል?" ትለው ነበር። እሱ ምን ቸገረው! በዘይትና በሎሚ አሽቶ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ ሲጎርስ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም እሱን ለመምሰል እየጨፈንኩ እጎርስ ነበር፤ በኋላ የእውነት ወደድኩት።

አስረኛ ክፍል ሆኜ አባቴን ታይፎይድ ጣለው። በሽታውስ ለቀቀው፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን አልመለስ አለ። እናቴ ያልሞከረችው የለም፤ አጥሚቱ፣ ሾርባው፣ ፍትፍቱ። አንዴ ጎርሶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። "አፌ እንጨት ሆነ" ይላል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደ መስቀያ መንጠልጠል ጀመረ። እናቴ ማድቤት ገብታ ስታለቅስ እሰማታለሁ። በዚህ መሃል አንድ ቀን፣ "እስቲ ያቺን ቺኮሪያ አቅምሱኝ" አለ።

እየሮጥኩ ጓሮ ወጣሁ። ቅጠሉ ሁሉ ተጨማዶ፣ የቅጠሉ ጀርባ በክሽክሽ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ጉንዳኖች ወደ ላይ ወደ ታች ይመላለሳሉ። እልህ ያዘኝ! "አባቴን ልታስርቡት?" አልኳቸው፣ ሰው የማናግር ይመስል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ በቆርቆሮው አጥር ላይ ብቅ ሳትል፣ ጓሮ ነበርኩ። የልብስ ሳሙና ፍቄ በውሃ አሟሟለሁ፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልብጬ ጀርባውን አጥባለሁ፤ ከዚያ ጤዛው ሳይደርቅ በወንፊት የነፋሁትን አመድ እበትናለሁ። የእርጥብ አመድና የሳሙና ሽታ ትምህርት ቤት ድረስ ከእጄ አይለቅም ነበር። እናቴ ደግሞ ከኋላዬ መጥታ ጠበል ትረጫለች። "እማዬ፣ ለክሽክሽ ጠበል?" ስላት፣ "ለሰው የበቃ ለቅጠል ያንሳል?" አለችኝ። ብቻ ክሽክሹ መሳሳት ጀመረ።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤታችን አባቴን እንደ ወንድማቸው ነበር የሚያዩት። በየቀኑ አጎንብሼ ሲያዩኝ አንጀታቸውን በላሁት መሰለኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና በሩን ሳልከፍት፣ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ፍሊት! እሳቸው የፍሊቱን ቆርቆሮ ይዘው የቺኮሪያው መደብ አጠገብ ቆመዋል።

"ገላገልኩሽ የኔ ልጅ! አንዲት አልቀረች" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚበላ ነው!"

"ብታጥቢውስ?"

"የትንኝ መርዝ ለበሽተኛ?"

የፊታቸው ብርሃን ድርግም አለ። "ወይኔ! ወይኔ ሰውዬው!" ብለው ራሳቸውን ያዙ። እናቴ ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። እኔ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ጋ ገባሁና፣ "አባዬ፣ ፍሊት ነክቶታል፤ ሁሉንም ልቆርጠው ነው" አልኩት።

"ሥሩን አትንኪ" አለ። "ሥሩ ካለ ይመጣል።"

"እስኪመጣስ?"

"እጠብቃለኋ።"

እስከ አፈሩ ድረስ ቆረጥኩት። ጎረቤታችን ራሳቸው ጉድጓድ ቆፍረው ቅጠሉን ቀበሩ፤ በማግስቱም ውሃ የሚቀዱልኝ እሳቸው ሆኑ። አባቴም ቃሉን ጠበቀ። ሾርባውን እንደ መድኃኒት ፊቱን እያጨፈገገ፣ "እስከ ቺኮሪያዬ ድረስ ነው" እያለ ይውጥልን ጀመር። አዲሱ ቡቃያ ብቅ ሲል አንዲት ክሽክሽ አላስጠጋሁም፤ ምን ቆርጧት!

የመጀመሪያዎቹን ለጋ ቅጠሎች በዘይትና በሎሚ አሽቼ አቀረብኩለት። ሁላችንም አፉን እያየን ቆምን። አላመጠ፣ አላመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"መረረኝ!" አለ። "ኧረ መረረኝ!"

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታችንም ከደስታቸው ብዛት አንድ ጎረሱና ፊታቸውን አጨማደው፣ "ለዚህ ነው እንዴ እንደዚያ የሆናችሁት?" አሉ። አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ በላ፤ ሸሚዙም ትከሻው ላይ ተስተካከለ።

እናቴ እስከ ዛሬ ክሽክሹን ያጠፋው ጠበሉ ነው ትላለች። ጎረቤታችን እስኪያልፉ ድረስ ፍሊቱ ዘሯን አጥፍቶ ነው ይሉ ነበር። ማንም ምንም ይበል፣ እኔ ነኝ!

አባቴ ቺኮሪያውን ብዙ ዓመት በላው። በመጨረሻ ሕመሙ ጊዜም ከዚያው ሥር ቀጥፌ፣ በእጄ አጉርሼ፣ "መረረህ አባዬ?" አልኩት። ፊቴን አየና፣ እንዳልከፋ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ጭንቅላቱን ነቅንቆ አዎ አለኝ። ግን ዓይኑን አልጨፈነም። ሳይጨፍን ሲቀር ምሬቱ እንዳልተሰማው ገባኝ፤ ወጥቼ ጓሮ ውስጥ አለቀስኩ።

የበረንዳዬ ቺኮሪያ ከዚያ ጓሮ የመጣ ሥር ነው። ዛሬ ሳሙናዬን ፍቄ፣ ቅጠሉን እየገለበጥኩ አጠብኩት። ከላይ ካሉት ለጋዎቹን ቀጥፌ በደንብ አለቀለቅኳቸው፤ በዘይትና በሎሚ አሽቼ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። ተመስገን፣ አሁንም ይመራል።