የማይመሽባት ምድርና የአያቴ ጾም

ልጅ ሳለሁ፣ በረመዳን አመሻሽ ላይ አያቴ ተረት ይነግሩን ነበር። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ሾርባው ከሰል ላይ እየተንተከተከ፣ የጾም መፍቻው የመግሪብ አዛን እስኪወጣ ድረስ ረሃባችንን በጅብና በጦጣ ያባብሉልን ነበር። ያኔ ረመዳን ክረምት ላይ ይውል ስለነበር፣ ሁላችንም ፍሙን ከበን እንቀመጣለን።

አንድ ቀን ተራውን ለተከራያችን ለደሳለኝ ሰጡት። ደሳለኝ ከመካነ ብርሃን የመጣ የፊዚክስ ተማሪ ነው።

«እስቲ ዛሬ አንተ የዩኒቨርሲቲውን ተረት አምጣ!»

«ተረት እንኳ አይደለም፣ አያ ሰይድ» አለ። ከእኛ እጅግ ርቀው ሌላ ፀሐይ የሚዞሩ ምድሮች መገኘታቸውን፣ አንዳንዶቹም እንደኛዋ ድንጋያማ እንደሆኑ፣ ምናልባት ውሃ እንደሚኖራቸው ነገረን። ለፀሐያቸው በጣም ከመቅረባቸው የተነሣ ግን አንድ ፊታቸውን ብቻ ሰጥተዋት ይኖራሉ፤ በወዲህ ሁልጊዜ ቀን፣ በወዲያ ሁልጊዜ ሌሊት። «ሰው ቢኖር መሀሉ ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ቆማ በምትቀርበት።»

«ታዲያ እዚያ ያለ ጾመኛ መቼ ሊያፈጥር ነው?» አሉ አያቴ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አያቴ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሙ አይጹሙ ቢላቸው እምቢ ብለዋል።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ጉም ከተማውን ዋጠው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የመስጊዱ ድምፅ ማጉያም ዝም አለ። የጉሙ ግራጫ ብርሃን አልጨልም አለ። አያቴን ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አባባ፣ በአላህ፣ ይቅመሱ» አለች እናቴ።

«አዛን ሳልሰማ?»

ያኔ ፀሐይዋ ቆማለች ብዬ አመንሁ። አዛኑ መቼም አይወጣም፣ አያቴም ዓይኔ እያየ ሊሞቱብኝ ነው። እስከ በሩ ሮጥሁና ተመለስሁ።

«አዛን ብሏል! ሰማሁ!»

ተምር ጎረሱ፤ ውሃ ጠጡ። ሁለተኛውን ተምር ሳያነሡ ሙአዚኑ በባዶ ድምፁ ከሩቅ ተጣራ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዱላ ጠበቅሁ።

«ምነው ዋሸሽ፣ ሸጋዋ?» አሉኝ አያቴ።

«እንዳይሞቱብኝ።»

ራሴን ዳበሱኝ። «እንግዲህ ቀዷ አለብኝ፤ ዒዱ ሲያልፍ ይችን ቀን እጾማታለሁ» አሉ።

አልጾሟትም። ከዒዱ በኋላ ሕመሙ ጸናባቸውና ለሚቀጥለው ረመዳን አልደረሱም።

ዛሬም አዲስ ምድር ተገኘ ሲባል ሰዎች ይደሰታሉ፤ እኔ ግን እዚያ አዛን የሚጠብቅ ጾመኛ ይታየኛል። ካደግሁ በኋላ ያችን ቀን እኔ ጾምሁላቸው። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ አዛኑም ጥርት ብሎ ወጣ። እኔ ግን የገዛ ጆሮዬን ማመን ፈርቼ፣ ሌላ መስጊድ እስኪደግመው ድረስ ተምሩን በእጄ እንደያዝሁ ቆየሁ።