በርበሬ ስንቀነጥስ የተቋረጠው ሙዚቃ

ጥር ላይ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት... ፍኖተ ሰላም፣ አክስቴ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን በርበሬ እንቀነጥሳለን። አክስቴ ቀያዩን እየመረጡ ለብቻ ያኖራሉ። «ይኼ የሞላ ነው» ይላሉ። ሞላ ልጃቸው ነው። ሞላ መሞቱን እኔ አውቃለሁ። እሳቸው አያውቁም።

ሹፌር ነበር። ከቡሬ ማዶ መንገድ ላይ ቀረ... እንዴት የሚለውን ተዉት፣ ስንቱ ቤት እንዲህ ሆኗል። ስልክ ዛሬ ሠርቶ ነገ በሚጠፋበት በዚህ ጊዜ ክፉ ወሬ የሚመጣው በሰው እግር ነው። ወሬው ቀድሞ የደረሰው ቡሬ፣ እኛ ቤት ነበር።

ሽማግሌዎች ተመካከሩ። የአክስቴ ወንድም ከሊበን እስኪደርሱ ይጠበቅ፣ መርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ ይነገር ተባለ። እስከዚያ አንድ ሰው አጠገባቸው ይዋል፤ ገበያ ወጥተው ከሰው አፍ እንዳይሰሙ። ማንን መረጡ? እኔን! ወሬ አፌ ውስጥ እንደማያድር አገር እያወቀ...

«አንቺ ስትለፈልፊ ከዋልሽ ማንም አይጠረጥርም» አሉኝ አንደኛው።

ለፈለፍኩ። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ዳርኩ፣ አፋታሁ። «ይኼ የሞላ ነው» ባሉ ቁጥር ወሬ ቀየርኩ። ዓይኔ እንባ ሲያቀር «በርበሬው ነው» አልኩ። እሳቸውም እያነጠሱ «የዘንድሮስ እሳት ነው» ይላሉ።

ጓሮ ካለችው ክፍል መምህር ይኸነው የሚባል ተከራይ አለ። ሙዚቃ አስተማሪ ነው። ልጅነቱን ግሽ ዓባይ ዜማ ሲማር ስላሳለፈ አክስቴ «የኔታ» ይሉታል። (ለምን እንዳላገባ ሰፈሩ ያማዋል፣ እኔም አግዛለሁ።) ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን እዚያው በረንዳ ላይ ሰብስቦ ቃል የሌለው ክላሲካል ሙዚቃ እያሰማ ይተነትንላቸዋል። ዜማው የቱ ጋ ጠየቀ፣ የቱ ጋ መለሰ፣ የቱ ጋ ወደ ቤቱ ገባ... አክስቴ ሥራቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። አንድም ቅዳሜ አምልጧቸው አያውቅም።

መምህሩም ያውቃል። ትምህርቱ ከቀረ ይጠረጥራሉ ተብሎ «እንደ ወትሮህ አስተምር» ተብሏል። እንደ ወትሮህ! ምስኪን...

ያን ቀን ከስልኩ የከፈተው ቫዮሊንና ፒያኖ ነበር፣ ቀስ ያለ። ተማሪዎቹ ስለ ሞላ የሰሙት ነገር የለም።

«አቀናባሪው መጨረሻውን ያውቃል» አለ መምህሩ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ግን ወዲያው አይነግራችሁም። መጀመሪያ የለመዳችሁትን ዜማ እየደጋገመ ያረጋጋችኋል። ስሙት፣ ፒያኖው ከሥር ከሥር እየወረደ ነው። ቫዮሊኑ ግን ምንም እንዳልሆነ ይዘፍናል። አሁን ደግሞ ዝም ሊል ነው... ዝምታውም የቅርጹ አካል ነው።»

ህሊና የምትባል ቀልደኛ ተማሪ ሳቀች።

«መምህር፣ ይኼማ የመርዶ አነጋገር ነው! ሽማግሌዎቹ መጥተው ስለ እህሉ፣ ስለ ከብቱ ሲያወሩ ሲያወሩ... ከዚያ ጸጥ!»

ሌሎቹም ሳቁ። የመምህሩ እጅ ስልኩ ላይ አረፈ፤ ሙዚቃው ተቋረጠ። ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የዋልኩት እኔ በርበሬዬ ላይ አቀረቀርኩ።

አክስቴ ቀና አላሉም። አንዷን በርበሬ ቀንጥሰው ጣሉ።

«የኔታ።»

«አቤት፣ እማማ።»

«ሰውዬው እንዲህ የሚያዘገየው ለምንድን ነው?»

«ሰሚው... ድንገት እንዳይደነግጥ ነው።»

«ሲዘገይስ አይደነግጥም?»

መምህሩ ስልኩን በእጁ አገላበጠ።

«አዳምጦ የቆየ ሰው፣ ሳይነግሩት አያውቅም?»

«ያውቃል» አለ።

«እንግዲያው ጨርሰው። አንተ መሐል ላይ አቁመህ አታውቅም።»

አልጨረሰውም። ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ቀረ። አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ነው የገባኝ... ሁልጊዜ ገና ከበር ሳልገባ የምጠራውን የሞላን ስም፣ ያን ቀን አንዴም አላነሳሁም። ለካ እኔም ስለፈልፍ ዝም ብዬ ነበር። እሳቸው ደግሞ ያቺን ዝምታ ከጠዋት ጀምሮ ሲያዳምጧት ውለዋል።

እጃቸውን አራግፈው ተነሱ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል፤ ጥለቱ አንገታቸው ሥር ነው፣ ሐዘንተኛ እንደምትለብሰው።

«ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው» አሉኝ። «በጎህ ብርድ ምን አንከራተታቸው፣ አሁን ይምጡ። አንቺም ከእንግዲህ በርበሬው ነው አትበዪኝ።»

ከዚያ ነው የጮኹት።

በማግስቱ ህሊና እግራቸው ላይ ወድቃ አልነሳም አለች። «ተነሺ ልጄ» አሏት፣ ድምፃቸው ተዘግቶ። «ያወቁት ሁሉ ዝም ሲሉኝ፣ ሳታውቂ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

መምህሩ ቤቱን ሊለቅ ዕቃውን ሸክፎ ነበር። አርባው እንደወጣ አክስቴ ራሳቸው በሩን አንኳኩ።

«ያቺን ያላለቀችውን ክፈታት።»

ከፈተ። በሩ ላይ እንደቆሙ እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ይኸው ነው?» አሉ። «ይኸው ነው፣ እማማ» አላቸው። ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሱም ዕቃውን ፈታ።

ሰሞኑን ስልኩ ሲሠራልኝ ደወልኩላቸው። እንደ ልማዴ ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቡሬ ገበያ ዙሪያ ጥምጥም ስል አቋረጡኝ።

«አንቺ ልጅ... ከመጨረሻው ጀምሪልኝ።»

እኔ እኮ የደወልኩት ሠርግ ልጠራቸው ነበር።