ወንድሜ የወጣበት አጥር

ትናንት ጎረቤቴ የቅንጭብ አጥሩን ሲያስቆርጥ የወተቱ ሽታ ባሕር ዳር ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜ ታደሰ፣ ሊይዙት በመጡ ቀን፣ በቅንጭቡ መሐል ሾልኮ ወደ ሐይቁ ከሸሸ ዓመት አልፎታል። አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር አብዮት ጠባቂዎች አስከትለው መጡ።

"እትዬ የሺ፣ ይህ አጥር ይቆረጥ። ሰርጎ ገብ ይደበቅበታል፤ የሰፈሩንም መልክ ያበላሻል።"

እናቴ "ክረምቱ እስኪወጣ ይታገሱኝ" ብላ ብትለምንም አልሰሟትም። ቅንጭቡ ተቆርጦ ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ተመታ።

"እንግዲህ ልጄ በየት ይገባል?" አለች።

"በበሩ ነዋ" አልኋት።

"በበሩማ የሚገቡት እነሱ ናቸው።"

ያኔ አልገባኝም። ታደሰ በየትም በኩል አልመጣም።

ጎረቤቴ "ግቢው አላማረም?" አለኝ። "አምሯል" አልሁትና ወደ ቤቴ ገባሁ።